«የ17 ጎማ ነው» ሲሏችሁ፦ ስለ ጎማ አገዛዝና ስለ ንፋስ ሴንሰር

[ምስል፦ ቱሉ ዲምቱ፣ መንገድ ዳር ያለ ጎማ ቤት። ጎማዎች በር ላይ ተቆልለዋል። ካሜራው ወደ አንዱ ጎማ ጎን ይጠጋል፤ ትንሽ ሞላላ ማኅተም ውስጥ 2417 ይነበባል።]

ይቺን ቁጥር ልብ በሉልኝ። 2417። ሻጩ «የ17 ምርት ነው፣ አዲስ ነው» ይላል፤ ገዢውም በእኛ አቆጣጠር አስልቶ ደስ ብሎት ይከፍላል። የጎማ ፋብሪካ ግን የሚቆጥረው በፈረንጆቹ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ። ይህ ጎማ የተመረተው በ2017 እ.ኤ.አ. በ24ኛው ሳምንት ነው፤ በእኛ ሰኔ 2009። አስፋልት ሳይረግጥ፣ ጥርሱ እንዳለ፣ ከስምንት ዓመት በላይ ሆኖታል።

ሻጩ ሁልጊዜ ሆን ብሎ ያታልላል ማለቴ አይደለም፤ እሱም በዚያው ስሌት ተሳስቶ ሊሆን ይችላል። አሰላሉ ቀላል ነው፦ ሳምንቱ ከ37 በታች ከሆነ ከፈረንጁ ዓመት 8 ቀንሱ፣ 37 እና ከዚያ በላይ ከሆነ 7። ስለዚህ 3522 የሚል ካያችሁ የነሐሴ 2014 ጎማ ነው።

ላስቲክ ቁጭ ብሎም ያረጃል። ከአየሩ ኦክስጅን ጋር እየተዋሐደ ይደርቃል፣ ይሰነጣጠቃል፤ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ሲውል ደግሞ ይፈጥናል። ከስንጥቁ ይልቅ የሚያሰጋው ለዓይን የማይታየው ነው፤ በውስጥ ያለው የሽቦ ድርና ላስቲኩ የተያያዙበት ጥንካሬ ይላላል። ትልልቅ አምራቾች ጎማ 5 ዓመት ካገለገለ በኋላ በየዓመቱ በባለሙያ እንዲታይ፣ ከተመረተ 10 ዓመት ሲሞላው ደግሞ ጥርስ ቢኖረውም እንዲቀየር ይመክራሉ። አንዳንድ መኪና ሠሪዎች ገደቡን 6 ዓመት ያደርጉታል። እኔ በአዲስ ዋጋ ለሚሸጥልኝ ጎማ ከ2 ዓመት በላይ ዕድሜ አልቀበልም።

ቀኑ ብዙውን ጊዜ የሚታተመው በአንዱ ጎን ብቻ ነው። ከተገጠመ በኋላ ወደ ውስጥ ዞሮ ሊቀር ስለሚችል ሳይገጠም አራቱንም እያገላበጣችሁ እዩ።

[ምስል፦ ጣት የጎማውን ጎን እየተከተለ ይሄዳል፦ 195/65 አር 15፣ 91 ኤች።]

195 ስፋቱ ነው፣ በሚሊ ሜትር። 65 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ 65 በመቶ መሆኑን፣ 15 የቸርኬውን ኢንች ያሳያል። ይህን ማንም ጎሚስታ ያውቀዋል። የሚዘለለው ቀጥሎ ያለው ነው። 91 ማለት አንዱ ጎማ የሚሸከመው 615 ኪሎ ነው ማለት ነው፤ ኤች ደግሞ የፍጥነቱ ጣሪያ 210 ኪሎ ሜትር በሰዓት መሆኑን ይነግረናል።

የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ከአያት እስከ ለገጣፎ፣ ከቃሊቲ እስከ ገላን የኤሌክትሪክ መኪናው በዝቷል። እነዚህ መኪኖች በባትሪያቸው ምክንያት ከባድ ናቸው። ልኩ ገጥሞ የጭነት ቁጥሩ ከመጀመሪያው ጎማ ያነሰ ከሆነ አትግዙ፤ ከፍ ቢል ችግር የለውም። እንደ ቮልስዋገን አይዲ 4 ባሉት ላይ ደግሞ የፊትና የኋላው ልክ ሊለያይ ይችላል፤ ከፊት 235/55 አር 19፣ ከኋላ 255/50 አር 19 የሚያደርጉ አሉ። ያኔ የፊቱን ወደ ኋላ እያዘዋወሩ ማመጣጠን አይሠራም።

ገንዘቡ ለሁለት ብቻ ቢበቃስ? አዲሶቹን ከኋላ አስገጥሙ። የፊት ጎማ ነጂ መኪና ቢሆንም ከኋላ። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ይከራከራል፤ መሪውም ሞተሩም ያለው ፊት ነውና። ነገር ግን በክረምት ዝናብ የፊቱ ሲንሸራተት መኪናው መሪውን እምቢ ብሎ ወደፊት ይገፋል፣ ፍጥነት ስትቀንሱ ይመለሳል። የኋላው ሲንሸራተት ግን መኪናው ይሽከረከራል፤ ያንን መልሶ ለመያዝ ጊዜ የሚያገኝ ሾፌር ጥቂት ነው።

[ምስል፦ የሾፌሩ በር ይከፈታል። በምሰሶው ላይ ያለው ተለጣፊ ወረቀት በቅርብ ይታያል።]

ንፋስ ስንት ይሞላ? መልሱ እዚህ ነው። ለምሳሌ 230 ኪሎ ፓስካል ይላል፣ 33 ፒ ኤስ አይ ገደማ ማለት ነው። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው 44 ወይም 51 ጎማው የሚችለው የመጨረሻ ግፊት እንጂ ለእናንተ መኪና የተመደበው አይደለም። የሚለካውም ጎማው ሲቀዘቅዝ ነው፤ ከሩቅ መንገድ ስትደርሱ ከፍ ብሎ ብታገኙት አታስተንፍሱት።

አሁን ወደ ሴንሰሩ።

[ምስል፦ ዳሽቦርድ። ቢጫ መብራት፤ ቅርጹ ከላይ የተከፈተ ጎማ፣ መሐሉ ቃለ አጋኖ።]

ይህ መብራት ታሪክ አለው። በአሜሪካ በፎርድ ኤክስፕሎረር ላይ የተገጠሙ የፋየርስቶን ጎማዎች እየተላጡ ብዙ ሰው ሞተ፤ ኮንግረሱ በ2000 እ.ኤ.አ. ሕግ አወጣ፣ ከመስከረም 2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮም ማንኛውም አዲስ ቀላል መኪና ጎማው ሲተነፍስ የሚያስጠነቅቅ ሥርዓት እንዲኖረው ግዴታ ሆነ። አውሮፓ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአዳዲስ መኪኖች ሁሉ፣ ቻይናም ቀጥላ ይህንኑ አደረጉ። ጃፓን ግን ስላላስገደደች ከጃፓን የመጡት አብዛኞቹ ቪትዞች ላይ አታገኙትም።

ዓይነቱ ሁለት ነው። አንደኛው በየቸርኬው ውስጥ ከቫልቩ ጋር የተያያዘ ትንሽ መሣሪያ አለው፤ ግፊቱን ለክቶ በሬዲዮ ይልካል። ሁለተኛው ቸርኬ ውስጥ ምንም የለውም፤ የተነፈሰ ጎማ ትንሽ ፈጠን ብሎ ስለሚዞር በኤ ቢ ኤስ ፍሬኑ ሴንሰሮች ይህንን ያነባል። ይህኛው በንፋሱ ወይም በጎማው ለውጥ ከተደረገ እንደገና እንዲማር በቁልፍ ትእዛዝ ይሰጠዋል። ከመሞላቱ በፊት ቁልፉን ከተጫናችሁት ግን የተነፈሰውን እንደ ልክ ይይዘዋል፤ መጀመሪያ ሙሉ፣ ከዚያ ተጫኑ።

መብራቱ በርቶ ከቆየ አንዱ ጎማ ተንፍሷል። ስታስነሱ ለአንድ ደቂቃ ያህል ብልጭ ድርግም ብሎ ከዚያ በርቶ ከቀረ ችግሩ ከንፋሱ ሳይሆን ከሥርዓቱ ነው፤ በብዛትም የአንዱ ሴንሰር ባትሪ አልቋል። ባትሪው ከ5 እስከ 10 ዓመት ይቆያል፤ የታሸገ ስለሆነ ሴንሰሩ በሙሉ ይቀየራል።

በኅዳርና በታኅሣሥ ሱሉልታና ለገጣፎ የሚያድር መኪና ጠዋት መብራቱ በርቶ እኩለ ቀን ላይ ይጠፋል። «ሴንሰሩ ተበላሽቷል» ብሎ የሚተወው ብዙ ነው። ቅዝቃዜ በየ5 እና 6 ዲግሪው 1 ፒ ኤስ አይ ያህል ይቀንሳል፤ ከቀን ሙቀት ወደ ንጋት ቅዝቃዜ 15 ዲግሪ ቢወርድ ወደ 3 ፒ ኤስ አይ ይጠጋል። ሴንሰሩ እውነቱን ነው የሚናገረው፤ ጎማው ድንበሩ ላይ ነው። ያ ድንበር ደግሞ ዝቅ ያለ ነው። በአሜሪካው ሕግ መብራቱ የግድ የሚበራው ግፊቱ 25 በመቶ ሲጎድል ነው፤ 33 የሚፈልግ ጎማ ወደ 25 እስኪወርድ ዝም ሊል ይችላል። በዚያ ግፊት ቤተሰብ ጭናችሁ በአዳማ ፍጥነት መንገድ ላይ ብትበሩ የጎማው ጎን በየዙሩ እየታጠፈ ይግላል፤ ጎማ የሚፈነዳው እንዲህ ነው። እባካችሁ መብራቱን በፕላስተር አትሸፍኑት፤ በወር አንዴም በመለኪያ ለኩ።

[ምስል፦ ጎሚስታው ቸርኬውን ማሽኑ ላይ ያስቀምጣል። ጎማውን ከቸርኬ የሚያላቅቀው የብረት አካፋ ወደ ጎማው ይጠጋል። ካሜራው ቫልቩ ላይ ያርፋል።]

ሴንሰር በብዛት የሚሰበረው እዚህ ነው። አካፋው ከቫልቩ አጠገብ ከገባ ከውስጥ ያለውን ፕላስቲክ ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ ቸርኬው ማሽን ላይ ከመውጣቱ በፊት «ወንድሜ፣ ውስጡ ሴንሰር አለው፤ ከቫልቩ ራቅ ብለህ ጀምር» በሉት። እጁ የለመደ ጎሚስታ ይህን ሰምቶ ቅር አይለውም፤ ቫልቩን በእጁ ዳስሶ ቸርኬውን ያዞረዋል። ጎማው በወጣ ቁጥር የቫልቩን ላስቲክና የውስጡን መርፌ ማስቀየር ተገቢ ነው። ብረት ቫልቭ ካለው የናስ ክዳን አታድርጉበት፣ ተጣብቆ ይቀራል፤ የፕላስቲኩ ይበቃል።

ቸርኬው ስለተጣመመ «ከመነዳሪ (የውስጥ ጎማ) እንክተትበት» ከተባላችሁ፣ የከመነዳሪው ቫልቭ የሴንሰሩን ቀዳዳ ስለሚይዝ ሴንሰሩ ይወጣል፤ መብራቱም በየጊዜው ያስቸግራችኋል። ቸርኬውን ማስቃናት ወይም መቀየር ይሻላል።

አዲስ ሴንሰር ስትገዙ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። ከአሜሪካ የመጡት አብዛኞቹ በ315፣ የአውሮፓና የቻይናዎቹ በ433 ሜጋ ኸርዝ ይሠራሉ፤ አንዱ በሌላው ቦታ ቢገባ መኪናው አይሰማውም። ከመገጠሙ በፊት ጀርባው ላይ ያለውን መለያ ቁጥር በስልካችሁ ፎቶ አንሡ። መኪናው በራሱ የማይለየው ከሆነ ቁጥሩ በኮምፒውተር ይገባለታል፤ ፎቶው ከሌለ ደግሞ ጎማው እንደገና ሊፈታ ይችላል።

ሴንሰር ለሌለው መኪና በቫልቭ ክዳን ቦታ የሚጠመዘዝ፣ ማሳያው በፀሐይ የሚሠራ አለ። ከምንም ይሻላል፤ ብቻ የጎማ ቫልቭ ላይ ክብደት ስለሚጨምር ኮብልስቶን ላይ ለሚውል መኪና ቫልቩ እንዳያፈስ በሳሙና ውሃ ፈትሹ።

አራቱም ልክ ሆነው መብራቱ እምቢ ካለ ደግሞ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ያለውን ስኮርታ (ትርፍ ጎማ) ለኩ፤ አንዳንድ መኪና እሱም ላይ ሴንሰር አለው።