ድስት ላይ የታሰረ ሪባን

እንደምን አመሻችሁ!

የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅና ሠራተኞች፣ የሰፈሬ ነጋዴዎች፣ እናቶችና አባቶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። እኔ ኬክና ዳቦ ጋጋሪ ነኝ፤ ንግግር አዋቂ አይደለሁም። ለዚህ ነው ጽፌ የመጣሁት። «ድር ቢያብር» የሚለውን ተረት ከእኔ የምትጠብቁ ካላችሁ ይቅርታ፤ በየስብሰባው ጠግበነዋል። እኔ የማወራው ድሩ የት የት ላይ ሊበጠስ እንደነበር ነው።

ነገሩን ታውቁታላችሁ። ድርጅቱ 25ኛ ዓመቱን ሊያከብር ነበር። ሌላ ጊዜ ቢሆን ለአንድ ሆቴል ይደውሉና ይጨርሱ ነበር። አንድ ውል፣ አንድ ደረሰኝ፣ አለቀ። ዘንድሮ ግን አጥራቸው ሥር ያለነውን ጠሩን። እንጀራ ጋጋሪዋን፣ ሁለቱን ሥጋ ቤቶች፣ ጠጅ ቤቱን፣ ድንኳን አከራዩን፣ ዲጄውን፣ ቡና የምታፈላዋን እና እኔን። ስምንት ነን። እንግዳው 180፣ ቀኑ ታኅሣሥ አጋማሽ፣ ቅዳሜ ምሳ።

ታኅሣሥ! ቀኑን የመረጠው ሰው እዚህ ካለ እጁን ባያወጣ ይሻለዋል። የገና ጾም የሚገባው ኅዳር 15 ነው። ስለዚህ ከእንግዳው ብዙው ጿሚ ነው። የማይጾም ክርስቲያን አለ። የእስላም ሥጋ የሚበላ አለ። ሦስት ዓይነት ወጥ፣ ሦስት ዓይነት ጭልፋ ማለት ነው። አንድ ጭልፋ ከተሳሳተ ድግሱ ተበላሸ። ሰው ዝም ብሎ ይነሳል እንጂ አይነግርህም።

መላውን ያመጣው ድንኳን አከራያችን ነው። ከድንኳን ማስጌጫው የተረፈ ሪባን ነበረው። የጾሙ ድስት ጆሮ ላይ ቢጫ አሰረ። የሙስሊሙ ሥጋ ቤት ድስት ላይ አረንጓዴ፣ የክርስቲያኑ ላይ ቀይ። ጭልፋዎቹ ላይም እንደዚያው። ጠረጴዛው ላይ ሲደረደሩ ሳናስበው ባንዲራ ሠርተን አረፍን። ልጆቹ ሣቁ፤ ግን እስከ ማታ አንድም ጭልፋ ድስት አልቀየረም።

የእኔ ድርሻ ኬኩ ነበር። እንቁላል የለ፣ ወተት የለ፣ ቅቤ የለ። በዘይት፣ በቤኪንግ ሶዳና በትንሽ አቼቶ ነው የሚነሳው። የመጀመሪያው ሙከራዬ ጡብ ነበር የሚመስለው፤ ባለቤቴ ምስክር ነው፣ እሱ ነው የበላው።

አሁን አርብ ማታ የሆነውን ልንገራችሁ፤ የድርጅቱ ሰዎች ይህን አታውቁም። 500 እንጀራ ታዟል። ሊጡ ከረቡዕ ጀምሮ ቦክቷል። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ መብራት እልም አለ። ገና 200 አልሞላም። ሊጥ ደግሞ ነገ ድረስ ቆይልኝ አይባልም፤ ይኮመጥጣል። ዲጄው ጄኔሬተሩን አምጥቶ አንድ ምጣድ ሰካበት። አንዴ አጓርቶ ጸጥ አለ። ድምፅ ማጉያ እንጂ ምጣድ አይችልም።

ያኔ ቡና የምታፈላዋ ደወለች። ከወንዙ ማዶ መብራት አለ፤ ምጣድ ያላቸው ሦስት ሴቶች ታውቃለች። ሊጡ በባልዲ በባልዲ ተቀዳ፣ በላስቲክ ተሸፈነ፣ ባጃጅ ላይ ተጫነ። ከሥጋ ቤቶቹ አንዱ፣ ያ ግዙፉ፣ ባልዲውን እንደ ሕፃን ጭኑ መሀል አቅፎ ኮረኮንቹን «ቀስ በል! ቀስ በል!» እያለ ሲሄድ አየሁት። ባጃጁ ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ የመጨረሻው እንጀራ ወጣ። እናንተ ግን ቅዳሜ «እንጀራው እንዴት ለስላሳ ነው» ብላችሁ ዝም።

ይህ ሁሉ የፍቅር ሥራ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከድግሱ በፊት አራት ጊዜ ተሰብስበናል፤ ሦስቱ ስለ ገንዘብ ነው። ደግሞም ተጯጩኸናል። ከዚህ በፊት ለአንድ ሌላ መሥሪያ ቤት ኬክ አቅርቤ ገንዘቤን ያገኘሁት በአራተኛው ወር ነው። እኔ ብድር ተበድሬ ተወጣሁት። እንጀራ ጋጋሪዋ ግን ጤፍ በዱቤ የሚሰጣት የለም። ስለዚህ ግማሹ ቀብድ፣ የቀረው ከድግሱ ቀጥሎ ባለው ሰኞ አልን። የድርጅቱ ፋይናንስ መጀመሪያ አኮረፈ፤ «አሠራራችን አይደለም» አለ። በኋላ ግን ተስማማ፤ ሰኞ ሳይመሽ ስልኬ ላይ የቴሌብር መልእክት ገባ። እግዜር ይስጥልኝ።

የደረሰኝ አቆራረጥ ነገርም ነበር። ከመካከላችን «አንዳችን ለሁላችንም ይቁረጥ» ያለ አለ። ስሙን አልጠራም፤ እየሣቀ ነው። በሰው ንግድ ደረሰኝ መቁረጥ እሳት ነው። እያንዳንዱ የራሱን ሥራ በራሱ ደረሰኝ አስረከበ። ወረቀቱ በዛ፣ ፋይናንሶቹ ደከሙ፤ ግን ማንም ለማንም ዕዳ አልሆነም።

ለድርጅቱ ረክሶለታል? አይ። ከሆቴሉ ጋር ሲነጻጸር ያው ነው። እውነቱን መናገር ይሻላል። የተለየው ሌላ ነው። እንጀራ ጋጋሪዋ በቀብዱ ጤፍ የገዛችው ከእኔ ቤት አጠገብ ካለው ወፍጮ ቤት ነው። ባለወፍጮው ደግሞ በዚያው ሳምንት ለልጁ ልደት ኬክ አዘዘኝ። የጾም ኬክ ነው ያዘዘው፤ ይኸው ስሜ ወጣልኝ።

አንድ ነገር ግን ለሚቀጥለው ይታረም። ሰዓት። ዲጄው ለድርጅቱ ሌላ ሰዓት ነገረ፣ ድንኳን አከራዩ ሌላ፣ እኔ ሌላ። ሥራ አስኪያጁ ስምንት ቦታ ሲደውሉ ዋሉ። በመጨረሻ ሁሉም ቡናዋ ጋ ሄዶ መጠየቅ ጀመረ፤ ሁላችንም እዚያ ስለምናልፍ ማን የት እንዳለ የምታውቀው እሷ ናት። እንግዲህ ከአሁን በኋላ የሚደወለው ለእሷ ብቻ ይሁን፤ ለዚህም ክፍያ ይታሰብላት። በነጻ አይደለም።

ጠጅ ቤቱ 11 ብርሌ ተሰብሮበታል። ስድስቱን እኛ እንከፍላለን፣ አምስቱን ድርጅቱ፤ ተስማምተናል። ሒሳቡን ሰኞ ከቀኑ 11 ሰዓት እኔ ቤት ተገናኝተን እንዘጋለን። ድንኳን አከራያችን፣ አንተም ስትመጣ በዚያ ቅዳሜ ከዕቃህ ጋር ጠቅልለህ የሄድከውን ትልቁን ትሪዬን ይዘህ ና። ታችው ላይ ቀይ ቀለም አለው፤ የእኔ አይደለም እንዳትል።