አስቀድሞ ባለሙያው፣ ቀጥሎ ማሽኑ
(በማቀዝቀዣ ጥገና ሠልጣኞች ምረቃ ላይ የቀረበ ንግግር፤ አቃቂ ቃሊቲ፣ አዲስ አበባ)

የተከበራችሁ ወላጆች፣ መምህራን፣ ዕቃ አስመጪዎች፣ ዛሬ የምትመረቁ ልጆቼ፤ እንኳን ለዚህ ቀን አበቃችሁ።

አዘጋጆቹ ስለ ሂት ፓምፕ ገበያ ዕድገት እንድናገር ጠይቀውኛል፤ ሂት ፓምፕ ከአየሩ ሙቀት ሰብስቦ ቤት ወይም ውሃ የሚያሞቅ የኤሌክትሪክ ማሽን ነው። ገበያው በእርግጥ አድጓል። በፈረንጆች 2022፣ የዩክሬን ጦርነት የጋዝን ዋጋ ሰማይ ባደረሰበት ጊዜ፣ አውሮፓ ውስጥ ብቻ ሦስት ሚሊዮን ገደማ ተሸጧል። በዚያው ዓመት አሜሪካ ውስጥ ሽያጩ ከጋዝ ማሞቂያ በልጧል። ብርዳሟ ኖርዌይ ከግማሽ በላይ ሕንፃዎቿን በዚሁ ታሞቃለች። በ2023 የብድር ወለድ ሲወደድና ድጎማው ሲወላውል የአውሮፓ ሽያጭ ወረደ። ይህን እዚህ ላይ ልተወው።

እኛ ቤት አናሞቅም፤ ውሃ ግን እናሞቃለን። ኮዬ ፈጬና ቱሉ ዲምቱ የምትኖሩ የታኅሣሥን ማለዳ ታውቁታላችሁ። የበዓል ዋዜማ ሲሆን ሁሉም ቦይለሩን አንድ ላይ ይለኩሳል፤ ከዚያ ሰፈሩ ይጨልማል። ልጆቼ፣ እጃችሁን ከፍሪጅ ጀርባ ስታደርጉ የሚሰማችሁ ሙቀት ከምግቡ የወጣ ሙቀት ነው። ሂት ፓምፕም እንዲሁ ከአየሩ ሙቀት ሰብስቦ ለውሃው ያስረክባል። 50 ሊትር ውሃ ከ18 ወደ 50 ዲግሪ ለማድረስ ቦይለር ሁለት ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ በትክክል የተገጠመ ሂት ፓምፕ ሲሶው ይበቃዋል። ታሪፉ በየጊዜው እየጨመረ ባለበት ዘመን ይህ ለአንድ ጡረተኛ ትልቅ ገንዘብ ነው። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 የተመረቀው፣ 5,150 ሜጋዋት የሚያመነጨው የሕዳሴ ግድብም የሁላችንም ላብ ያለበት ነው፤ መብራቱን በቦይለር የጋለ ሽቦ ማባከን ያስቆጫል።

ስለዚህ ማሽኑን እደግፋለሁ። የመጣሁት ግን በአሻሻጡ ተቆጥቼ ነው።

ቱሉ ዲምቱ የሚኖሩ አንዲት ጡረተኛ መምህርት አሉ። ልጃቸው ከውጭ በላከችው ገንዘብ ሂት ፓምፕ ገዙ። ዕቃው በፒክአፕ መጣ፤ የገጠሙት ያወረዱት ልጆች ናቸው። የውጪውን ክፍል በመስታወት በተዘጋው በረንዳ ላይ፣ በልብስ ማስጫው ሥር አስቀመጡት። ማሽኑ የዚያችን ጠባብ በረንዳ ሙቀት መጦ ሲጨርስ የራሱን ቀዝቃዛ ትንፋሽ መልሶ ይስባል፤ ቱቦዎቹ በረዶ ለበሱ። በሁለተኛው ወር ውሃው ለብ ማለት እንኳን አቃተው። እናት ወደ ሱቁ ደወሉ፤ «የአዲስ አበባ ከፍታ ነው ያደከመው» ተባሉ። ደግመው ደወሉ፤ የሚያነሳ ጠፋ። እኔ ስደርስ የመዳብ ቱቦው መጋጠሚያ ዙሪያ ዘይት ረጥቧል፤ ሥሩ ያለው ሲሚንቶ ላይ የሳንቲም ስፋት ያለው ቡናማ ነጥብ ተቀምጧል። ዘይት የታየበት ቦታ ሙቀቱን የሚያመላልሰው ጋዝ ያመልጣል፤ ይህንን እናንተ በመጀመሪያው ወር ተምራችሁታል። ቫኪዩም ተደርጎ፣ ማለትም የቱቦው አየር በፓምፕ ተመጥጦ፣ እንደሆነ ስጠይቅ «እሱ ምንድን ነው ልጄ?» አሉኝ። ቱቦው ውስጥ የቀረ አየርና እርጥበት ከዘይቱ ጋር ተዋህዶ አሲድ ይሆናል፤ ጋዙን የሚጨምቀውን ክፍል፣ ኮምፕረሰሩን፣ ከውስጥ ይበላዋል። የእሳቸውንም በላው።

ከፍታው ነው ማለት ምን ማለት ነው? አዎ፣ እዚህ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል በሩብ ገደማ ያንሳል፤ ማራገቢያው የሚያመጣው ሙቀት ይቀንሳል፤ ስለዚህ ማሽኑ ሲመረጥ ይህ ይሰላል። ማስላት የሻጩ ሥራ ነው! ሳያሰሉ ሸጠው፣ ሳይፈትሹ ገጥመው፣ ጥፋቱን በአገሪቱ ተራራ ላይ ማላከክ ነውር ነው። እናት ዛሬ ውሃ የሚያሞቁት በከሰል ነው። ጎረቤቶቻቸው ሁሉ «ሂት ፓምፕ አይሠራም» ይላሉ፤ አንድ መጥፎ ገጠማ የአንድ ብሎክ ሙሉ ደንበኛ ያስኮበልላል።

አስመጪዎች፣ ከፊት ወንበር ስለተቀመጣችሁ ፊት ለፊት እላችኋለሁ፦ ገጣሚ የሌላችሁ ከሆነ አትሽጡ። መለዋወጫ መጋዘናችሁ ውስጥ ከሌለ አትሽጡ። የዋስትና ወረቀታችሁ ጋዝና ኮምፕረሰርን በስም የማይጠቅስ ከሆነ ወረቀት ብቻ ነው። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ሥራ የሚፈልጉ የሠለጠኑ እጆች ተቀምጠዋል፤ ለጫኝና አውራጅ የምትከፍሉት ላይ ትንሽ ብትጨምሩ እነዚህን ታገኛላችሁ።

ተመራቂዎች፣ ለእናንተ አንድ ነገር ልጨምር። በአዲሶቹ ማሽኖች ውስጥ አር 290 የሚባለው ጋዝ እየበዛ ነው፤ ፕሮፔን ነው። ለአየር ንብረት ከድሮዎቹ እጅግ የተሻለ ነው፤ ነገር ግን ይቀጣጠላል። የክፍሉን አየር ሳታናፍሱ፣ ጋዙን ከቱቦው ሳታስወጡ የብየዳ ችቦ አትለኩሱ። ደንበኛ ቢያጣድፋችሁም እንቢ በሉ።

ወላጆች፣ ልጆቻችሁን ስለላካችሁልን አመሰግናለሁ።

የገጠማና የዋስትና ውል ረቂቅ አዘጋጅቼ በበሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጫለሁ። አስመጪዎች ከመውጣታችሁ በፊት አንብቡት፤ የማትስማሙበት አንቀጽ ካለ ለሻይ ስንቀመጥ ንገሩኝ፣ የምትስማሙ ፈርሙ።