ስቴንቱን ክፍት የሚያቆየው ኪኒኑ ነው

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ ስለ አንጂዮፕላስቲ ነው የማወራው፤ የጠበበ የልብ ደም ሥርን በፊኛ ከፍቶ፣ ክፍት ሆኖ እንዲቆይ ስቴንት የሚባል ትንሽ የብረት መረብ ስለ ማስገባት። ሰው የሚፈራው ያችን አንድ ሰዓት ነው። እኔ የምፈራው ከዚያ በኋላ ያሉትን ወራት ነው።

ዝግጅቱን ባጭሩ። ብዙውን ጊዜ ለ6 ሰዓት ያህል ምግብ አይበላም። ይህ ማለት ግን ኪኒን ይቀራል ማለት አይደለም፤ ደም እንዳይረጋ የሚሰጡት አስፒሪንና ክሎፒዶግሬል በጥቂት ውኃ ይዋጣሉ። ኢንሱሊን፣ ዋርፋሪን ወይም ሜትፎርሚን የሚወስድ ሰው ቀደም ብሎ ይናገር። ደም ሥሩን በራጅ ለማየት የሚሰጠው ቀለም ኩላሊትን ሊጫን ስለሚችል፣ ኩላሊቱ የደከመ ሰው ሜትፎርሚኑን ለ48 ሰዓት እንዲያቆም ይደረጋል።

ፊኛውንና ስቴንቱን እስከ ልብ የሚያደርሰው ቀጭን ቱቦ በእጅ አንጓ ከገባ ቶሎ ይነሣሉ፤ በብሽሽት ከሆነ ጥቂት ሰዓት እግርን ሳያጥፉ በጀርባ መተኛት አለ። ቤት ገብተው ቦታው ቢደማ፣ ጋደም ብሎ 10 ደቂቃ አጥብቆ መጫን ነው። «ቆመ ይሆን?» እያሉ እጅን ማንሳት የረጋውን ደም መልሶ ይከፍተዋል። ካልቆመ ወይም ከብሽሽት በኃይል ከፈሰሰ፣ ጫን እንዳሉ አምቡላንስ ይጠራ። ለሳምንት ያህል ጀሪካን ማንሳት የለም።

አሁን ወደ ዋናው። ስቴንት የብረት መረብ ነው። የደም ሥሩ የውስጥ ሽፋን በላዩ እስኪያድግበት ድረስ ደም ሊረጋበት ይችላል፤ ከረጋ ደግሞ ሥሩ ባንዴ ይዘጋል፣ ሃርት አታክ ይመጣል። ሁለቱ ኪኒኖች፣ አስፒሪንና ክሎፒዶግሬል፣ አብረው የሚሰጡት ለዚህ ነው፦ በተለምዶ ሃርት አታክ ለነበረበት 12 ወር፣ ላልነበረበት 6 ወር፤ አስፒሪኑ ከዚያም በኋላ ይቀጥላል። የመድማት ሥጋት ካለ ሐኪሙ ያሳጥረዋል፤ ሐኪሙ እንጂ ጎረቤት አይደለም!

ኪኒኑ የሚቋረጠው በትንሽ በትንሹ ነገር ነው። «ደረቴ አያመኝም፣ ድኛለሁ» ይባላል። ፋርማሲ «አልቋል» ይላል፤ ስለዚህ 10 ፍሬ ሲቀር መፈለግ ይጀመር። ሁዳዴ ወይም ረመዳን ሲገባ የጠዋቱ ይዘለላል፤ ክሎፒዶግሬል ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ስለሚዋጥ፣ ከሐኪም ጋር ተነጋግሮ ወደ ማታ ማዞር ይቻላል።

ጨጓራ ሲነሣ ኦሜፕራዞል ገዝቶ መዋጥ ልማዳችን ነው። እሱ የክሎፒዶግሬልን ጉልበት ይቀንሳል፤ ፓንቶፕራዞል ይሻላል። ለወገብ ሕመም ዲክሎፌናክ መወጋትም ይቅር፤ ያስደማል፣ ለልብም አይበጅም። ፓራሲታሞል ይበቃል።

ጥርስ ለማስነቀል ሲሄዱ ስቴንት እንዳለዎት ይንገሩ። «ኪኒኑን ለሳምንት ተወው» ከተባሉ፣ ከመተውዎ በፊት ስቴንቱን ላስገባው ሐኪም ይደውሉ።