«በርቺ» አትበሉኝ

ጤና ይስጥልኝ፣ የበጎ ፈቃድ ማኅበራችን ወዳጆቼ።

አስተባባሪዎቻችን አሥር ደቂቃ ሰጥተውኛል። ርዕሴ «የኒውስሌተርና የጋራ የዝግጅት ካላንደር ዕቅድ» ይላል። በፕሮግራሙ ወረቀት ላይ ሳነበው እኔንም እንቅልፍ እንቅልፍ አለኝ። ከዕረፍት በፊት የመጨረሻዋ ተናጋሪ መሆኔ ደግሞ ነገሩን አላቀለለውም። ዕቅዱን ይዤ መጥቻለሁ፣ አቀርበዋለሁ። መጀመሪያ ግን ሆዴ ውስጥ ያለውን ላውጣ።

ኒውስሌተራችንን፣ ለአባላት የምንልከውን የዜና መልእክት፣ ሦስት ዓመት አዘጋጅቻለሁ። በየወሩ አንድ። አንዳንዴ ሁለት ወር አጣብቄ «ልዩ እትም» ብዬ አውጥቻለሁ። ልዩ የነበረው ድካሜ ነው። ይኸው ምስጢሩን አወቃችሁ።

በእነዚህ ሦስት ዓመታት ከእናንተ በብዛት የደረሰኝ መልስ አንድ ቃል ነው፤ «በርቺ»። ሲወጣ «በርቺ»። ሲዘገይ «አይዞሽ፣ በርቺ»። እርዳታ ስጠይቅ ደግሞ በሚያምር ፈገግታ፣ «አንቺ እኮ ትችይበታለሽ፣ በርቺ»። ቃሉ ጥሩ ቃል ነው። ከልባቸው የሚሉኝም አሉ፣ አውቃለሁ። እኛ ቤት ግን ትርጉሙ ተለውጧል። «እኔ የለሁበትም» ማለት ሆኗል።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለውን ተረት አምና እዚሁ መድረክ ላይ ሁለት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ተጨበጨበ። ከዚያ ሁሉም ወጥቶ ሄደ። ሎሚዎቹ እኔ ጋ ቀሩ።

አሁንም ልታጨበጭቡ ነው? ቆይ፣ ገና ነኝ።

ያንን ቅዳሜ ታስታውሳላችሁ። የረሳችሁ ካላችሁ እኔ ላስታውሳችሁ፤ ከእኔ እስካሁን አልወጣም። የአዲስ ገቢዎች ስልጠና ነበረን። አሰልጣኙ ከእኛው አንዱ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ዛሬም እዚህ ተቀምጦ ጣሪያ ጣሪያ እያየ ነው። ስልጠናው መጀመሪያ ቅዳሜ ተባለ። ቴሌግራም ግሩፑ ላይም ቅዳሜ ተብሎ ተለጠፈ። ከዚያ አዳራሹ ቅዳሜ እንደማይከፈት ታወቀና ወደ እሑድ ዞረ። መዞሩን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አዳራሹን የጠየቀችው ልጅና አሰልጣኙ። እሷ እሱ ይናገራል ብላ ዝም አለች። እሱ እሷ ተናግራለች ብሎ ዝም አለ።

እኔ ኒውስሌተሩን ያወጣሁት ከግሩፑ ገልብጬ ነው። ስለዚህ ቅዳሜ አልኩ። በወረቀት የሚለጠፈውን ማስታወቂያ የሠራው ልጅ አሰልጣኙን ጠይቆ እሑድ አለ። ሁለታችንም ትክክል ነን ብለን ተኛን።

ቅዳሜ ጠዋት 23 ሰው መጣ። በሩ ዝግ ነው። «ቁልፉ እየመጣ ነው» አልኳቸው፤ ከየት እንደሚመጣ ግን አላውቅም። ሩብ ሰዓት ቆምን። ግማሽ ሰዓት ቆምን። ደወልኩ፣ አይነሳም። መጨረሻ ላይ ጥበቃው ወጣና «የእናንተ እኮ ነገ ነው» አለን። አስቡት፤ የእኛን ፕሮግራም ከእኛ ይልቅ ጥበቃው ያውቀዋል። ለእሱ አንድ ወረቀት ተሰጥቶታል፣ ወረቀቱ ላይ አንድ ቀን ተጽፏል፣ በቃ። እኛ አራት ቦታ ጽፈን ተሳሳትን፤ እሱ አንድ ቦታ አይቶ አወቀ።

እሑድ ደግሞ አሰልጣኛችን ሁለት ሳምንት የተዘጋጀበትን ትምህርት ለአራት ሰው ሰጠ። አንደኛዋ እኔ ነኝ። ሁለተኛው ማስታወቂያውን የሠራው ልጅ ነው። ሦስተኛዋ አዳራሹን የጠየቀችው ናት። አዲስ ገቢ አንድ ብቻ ነበረ፣ እሱም የተለጠፈውን ወረቀት በአጋጣሚ አይቶ የመጣ ነው።

ከቅዳሜዎቹ አንዷን ግን አልረሳትም። ከሩቅ ነው የመጣችው። አዲስ ደብተር ይዛ ነበር፤ የመጀመሪያው ገጽ ላይ የማኅበራችንን ስም በትልቁ ጽፋበታለች። «ምንም አይደል፣ ሌላ ጊዜ» አለችኝ። ሌላ ጊዜ አልመጣችም። እኛ ስብሰባ ላይ የገቡትን እንቆጥራለን። ከበር የተመለሱትን የቆጠረ ሰው ግን እስካሁን አላየሁም።

ከዚያ ስብሰባ ተጠራ። ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀ። መፍትሔ ተብሎ የቀረበው ምን ነበር? «አፕ እንቀይር»። ሦስት ጊዜ ቀይረናል እኮ! ከግሩፕ ወደ ቻናል፣ ከቻናል ወደ ሰንጠረዥ፣ ከሰንጠረዥ ተመልሰን ወደ ግሩፕ። አፑ ምን አጠፋ? ቀኑ አራት ቦታ ተጽፎ ነበር፣ ባለቤት ግን አልነበረውም። ባለቤት የሌለውን ቀን የፈለጋችሁት አፕ ውስጥ ብትከቱት ያው ይጠፋል።

እንግዲህ ወደ ዕቅዱ ልግባ።

ካላንደሩ ይቀድማል። ኒውስሌተሩ ከካላንደሩ ይቀዳል፤ ግሩፑም፣ የሚለጠፈው ወረቀትም እንደዚያው። ቀንና ሰዓት የሚጻፈው አንድ ቦታ ብቻ ነው። ካላንደሩ ላይ የሌለ ዝግጅት የለም። ሊቀመንበሩ ቢናገረውም የለም። ይቅርታ፣ ሊቀመንበር፣ እርስዎም ጭምር።

ይህን ለማድረግ አዲስ ነገር መፍጠር አያስፈልገንም። የካላንደር ፕሮግራሞች የሚግባቡበት አይካላንደር የሚባል መስፈርት እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ አለ፤ ዋናው እትሙ በ2009 ታድሷል። የጎግሉም፣ የአፕሉም፣ የማይክሮሶፍቱም ካላንደር ያነበዋል። ስለዚህ ማንም ስልኩን መቀየር የለበትም። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ። የካላንደሩን ፋይል አውርዳችሁ ስልካችሁ ላይ ብትጭኑት የዛሬውን ቅጂ ነው የያዛችሁት፤ ነገ እኛ ብንቀይር እናንተ ጋ አይቀየርም። በሊንኩ ተመዝጋቢ ብትሆኑ ግን ለውጡ ራሱ ይመጣላችኋል። ወዲያው ላይመጣ ይችላል፣ ሰዓታት የሚወስድበት ጊዜ አለ። ስለዚህ በዕለቱ የተለወጠ ነገር ካለ በስልክ መደወልን የሚተካ የለም። ያን ቅዳሜ ለውጡ ካላንደር ላይ ተጽፎ፣ እኛም በሊንክ ተመዝግበን ቢሆን ኖሮ እኔም 23 ሰው አላቆምም ነበር።

በዚሁ መስፈርት ውስጥ የምወደው ነገር አለ። እያንዳንዱ ዝግጅት ሁኔታው ይጻፍለታል፤ ያልተረጋገጠ፣ የተረጋገጠ፣ የተሰረዘ። ሦስቱም ያስፈልጉናል። እኛ ሐሳብ ስናስብ «ተረጋግጧል» ብለን እንለጥፋለን፣ ሲቀር ደግሞ ዝም ብለን እናጠፋዋለን። ከእንግዲህ አዳራሹ በእጃችን እስኪገባ ድረስ «ያልተረጋገጠ» ይባላል። የቀረ ዝግጅትም አይጠፋም፤ «ተሰርዟል» ተብሎ እዚያው ይቀመጣል። ሰው ሲፈልገው ካጣው የተሳሳተው እሱ ይመስለዋል። ተሰርዟል የሚል ካየ ግን ቤቱ ይቀመጣል።

ስለ አጻጻፍም ትንሽ ልበል፤ ብዙ ጸብ የመጣው ከዚህ ነው። 04/05 ብላችሁ አትጻፉልኝ። አንዱ አራተኛው ወር ላይ አምስተኛው ቀን ብሎ ያነበዋል፣ ሌላው አምስተኛው ወር ላይ አራተኛው ቀን። ይህን ግራ መጋባት ለማስቀረት እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣ ዓለም አቀፍ መስፈርት አለ፤ ዓመት፣ ወር፣ ቀን በዚህ ቅደም ተከተል ይጻፋል። ካላስደሰታችሁ የወሩን ስም በፊደል ጻፉ፤ በላዩ ላይ የዕለቱን ስም ጨምሩ። «ቅዳሜ» የሚለው ቃል ከቁጥሩ ጋር ካልገጠመ አንባቢው ራሱ ይጠይቃችኋል።

ሰዓቱም እንዲሁ ነው። ውጭ አገር ያሉ አባሎቻችን በኢንተርኔት ስብሰባ የሚገቡት ከሁለት አህጉር ነው። አሜሪካ በየዓመቱ ሰዓቷን በአንድ ሰዓት የምታስቀድመው በማርች ሁለተኛው እሑድ ነው፤ አውሮፓ በማርች የመጨረሻው እሑድ። በመካከሉ ባሉት ሁለትና ሦስት ሳምንታት ግማሹ ሰው አንድ ሰዓት ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ይገባል። በየዓመቱ ይደርስብናል፣ በየዓመቱ ይገርመናል! ካላንደሩ ላይ የሰዓት ቀጠናው በትክክል ከተሞላ ለእያንዳንዱ በየአገሩ ሰዓት ያሰላለታል። ኒውስሌተር ላይ «እንደተለመደው ሰዓት» ብለን ከጻፍን ግን ማን ያሰላልናል?

እግረ መንገዴን፣ «እንደተለመደው ሰዓት፣ በተለመደው ቦታ» የሚለውን አነጋገር ከዛሬ ጀምሮ አላትመውም። ለማን ነው የተለመደው? ለእኔና ለእናንተ። ደብተሯን ይዛ ለመጣችው ልጅ ምኗም አይደለም። ለነባሩ ሰው ድግግሞሽ ቢሆንበትም ሰዓቱና ቦታው በየጊዜው ሙሉውን ይጻፋል።

አሁን ወደ ኒውስሌተሩ ልሂድ። ማን ይጻፈው?

ሌሎች በጎ ፈቃደኞች እንዴት እንደሚያደርጉት አይቻለሁ። የእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ በጎ ፈቃደኞች እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ሳይንፖስት የሚባል የራሳቸው ጋዜጣ አላቸው። መጀመሪያ በየሳምንቱ ይወጣ ነበር፤ በኋላ አቅማቸውን አይተው አራራቁት፣ አልገደሉትም። ዓለምን በካርታ የሚሠሩት የኦፕንስትሪትማፕ ሰዎችም በየሳምንቱ የሚያወጡት ዊክሊ ኦኤስኤም የሚባል አላቸው፤ በብዙ ቋንቋ ይተረጎማል፣ ወሬ ያለው ማንኛውም አባል ራሱ ያስገባል። ሁለቱም ጋ ያየሁት ብልሃት ያው ነው። አዘጋጁ ወሬ ፍለጋ ሰው ደጅ አይጠናም። ወሬው ነው ወደ አዘጋጁ የሚመጣው።

እኔ ግን ደጅ ጠናሁ። ሦስት ዓመት! «ባለፈው ሳምንት የሠራችሁትን ሁለት መስመር ላኩልኝ» ብዬ ለአሥራ አንድ ሰው እጽፋለሁ። ዘጠኙ ያነቡታል፤ ሰማያዊ ምልክቱን አያለሁ። ሁለቱ ይመልሳሉ። አንደኛው «በርቺ» ይላል። ሁለተኛው ፎቶ ይልካል፣ ያለ ምንም ጽሑፍ፣ ሁሉም ሰው ጀርባውን የሰጠበት ፎቶ። ከዚያ ኒውስሌተሩ ሲወጣ ስልኬ ይጮኻል፤ «የእኛን ቡድን ለምን ዘለልሽው?»

ከየት ላምጣው? ከጀርባችሁ?

ስለዚህ ደንቡ ይህ ነው። ከየቡድኑ ሦስት መስመር፤ ምን ተሠራ፣ ቀጥሎ መቼ ምን አለ፣ ማንን እንጠይቅ። ኒውስሌተሩ የሚወጣው በወሩ የመጨረሻ ዓርብ ነው። ሦስቱ መስመሮች እስከ ረቡዕ ማታ ይደርሳሉ። ሐሙስ የመጣ ለሚቀጥለው ወር ይተላለፋል። ሐሙስ ሌሊት ደውሎ «ትንሽዬ ናት፣ ጨምሪልኝ» ማለት ቀርቷል። የቅርብ ጓደኛዬም ብትሆኚ ቀርቷል፤ ራስሽን ታውቂያለሽ።

አዘጋጁም አንድ ሰው አይሆንም። በየወሩ ሦስት ሰው፤ አንዱ ይሰበስባል፣ አንዱ ይጽፋል፣ አንዱ አንብቦ ስህተቱን አርሞ ይልካል። ወሩ ሲያልቅ ሌላ ሦስት። ካላንደሩን ደግሞ ሁለት ሰዎች ይይዛሉ፤ የይለፍ ቃሉም በአንድ ሰው የግል ኢሜይል አይታሰርም። አሁን በእኔ ኢሜይል ነው ያለው። ነገ ብታመም ኒውስሌተሩም አብሮኝ ይተኛል።

የቀሩትን ቶሎ ቶሎ ልበላቸው፤ ሰዓቴ አልቋል ብለው ምልክት እየሰጡኝ ነው። ፎቶው ላይ ያለውን ሰው ሳትጠይቁ ፎቶ አትላኩ። ለሁሉም ስንልክ የሁሉም አድራሻ ለሁሉም መታየት የለበትም። ጽሑፉ እዚያው መልእክቱ ውስጥ ይሁን፤ በስልክ የሚያነብ ሰው ተያያዥ ፋይል አይከፍትም። መውጣት የፈለገ በአንድ ንክኪ ይውጣ። ጂሜይል እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ በቀን ከ5,000 በላይ ለሚልኩ ይህን ግዴታ አድርጎታል። እኛ እዚያ ባንደርስም ሰውን አስሮ ማስነበብ አያምርም።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ዲሴምበር 5 ዓለም አቀፍ የበጎ ፈቃደኞች ቀን ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የሰየመው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው። ቀኑ ተቀይሮ አያውቅም። እኛ አምና ሦስት ቀን ሲቀረው ነበር ያስታወስነው። የእኛው በዓል! ካላንደሩ ላይ መጀመሪያ የጻፍኩት እሱን ነው።

አሁን ወረቀት ከፊተኛው ረድፍ ጀምሮ ወደ ኋላ እየሄደ ነው። 12 ወር፣ በየወሩ ሦስት ባዶ ቦታ፤ 36 ስም ማለት ነው። እዚህ ያለነው ከ36 እንበልጣለን፣ ቆጥሬያለሁ። የመጀመሪያው ወር ላይ የእኔ ስም አለ። ሁለተኛው ላይ የለም።

ባዶውን ከተመለሰ አልቆጣም። የሚቀጥለውን ኒውስሌተር ካላንደሩ ላይ «ተሰርዟል» ብዬ እጽፈዋለሁ። አላጠፋውም፤ እዚያው ይታያል።

እስክሪብቶ የሌላችሁ እጃችሁን አውጡ። ሃያ ይዣለሁ።