ደወሉ ከአደጋው ይቅደም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

ክቡራን አባቶች ካህናት፣ የየአጥቢያው ሰበካ ጉባኤ አባላት፣ የእድር ዳኞች፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች፣ ክረምት ሊገባ በተቃረበበት በዚህ ወቅት ሥራችሁን ትታችሁ ለዓመታዊ ጉባኤያችን እንኳን በሰላም መጣችሁ። የሥራ ክንውኑንና ሒሳቡን ጸሐፊያችንና ኦዲተሩ ስለሚያቀርቡ እኔ ወደዚያ አልገባም፤ የምናገረው የመሬት መንሸራተትና ጎርፍ ሳይደርስም ከደረሰ በኋላም አጥቢያችን ስለሚያደርገው ነው።

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ የደረሰውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ከባድ ዝናብ ያራሰው ተራራ ተንዶ ቤቶችን ከነነዋሪዎቻቸው ቀበረ። ጎረቤት እንደ ወጉ አካፋና ዶማ ይዞ፣ ያልያዘውም በባዶ እጁ፣ ወገኑን ሊያወጣ ደረሰ። ቁፋሮው ላይ እያሉ ተራራው ዳግመኛ ተናደባቸው። ከ200 በላይ ሰው ባለቀበት በዚያ አደጋ ከሞቱት ብዙዎቹ ሊረዱ የሮጡ ነበሩ። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ይህ ነው። ሕዝባችን ለወገኑ ለመድረስ ሰባኪ አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው «ቆዩ፤ ከላይ ያለው አፈር ገና አልረጋም፤ አንድ ሰው ተራራውን እያየ ይቁም፤ ሌላው በየተራ ይግባ» የሚለውና ሲለውም የሚሰማው ሰው ነው። ልጁ አፈር ውስጥ ያለችበትን አባት «ቆይ» ብሎ ማን ያቆመዋል? ከመንግሥት ሠራተኛ ይልቅ የንስሐ አባቱ ሳይሻሉ አይቀሩም። እንግዲያው ሥልጠናው ከካህናቱ ይጀምር እላለሁ።

ምልክቶቹን ማወቅ ከባድ ትምህርት አይደለም። መሬቱ ሲሰነጠቅ፣ ዛፍና አጥር ያለ ነፋስ ሲያዘነብል፣ ጥሩ ምንጭ በድንገት ሲደፈርስ ወይም ምንጭ ባልነበረበት ውኃ ሲፈልቅ ቁልቁለቱ እየተላቀቀ ሊሆን ይችላል። አብዛኞቹ የገጠር አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ ከፍታ ላይ ናቸው። ለማኅሌት በሌሊት ያንን ዳገት የሚወጣ ዲያቆን ትናንት ያልነበረውን ስንጥቅ ከሁሉ ቀድሞ ያያል። ማየቱን ለማን እንደሚናገር ግን የነገረው የለም።

ሲናገር ደግሞ ደወል አለን። ነገር ግን ደወላችን ለቅዳሴም፣ ለምህላም፣ ለቀብርም ስለሚደወል ሌሊት ቢጮህ ምእመኑ «ማን አረፈ?» ብሎ ነጠላውን ይፈልጋል እንጂ ልጆቹን ይዞ አይወጣም። የአደጋ አደዋወል ለብቻው መለየት፣ ምእመናንም በሰንበት ከቅዳሴ በኋላ ሰምተው እንዲለምዱት ማድረግ ይገባል። የሚሸሹበት ቦታም አስቀድሞ ይታወቅ፤ ቤተ ክርስቲያኑ ራሱ ወንዝ ዳር ከሆነ ሰውን ወደዚያ መጥራት ጥፋት ነው።

በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ድሬዳዋ ላይ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ ጎርፉ የመጣው ከላይ ከሐረርጌ ደጋ ነበር። ታች ያለው ሰው ከመተኛቱ በፊት ወንዙ ደረቅ ነበረ። ላይ ያለው ሰው የሚያየውን ታች ላለው የሚነግረው በስልክ ነው፤ ላይ ያለው ደግሞ በብዙ ቦታ መስጊድ ነው። ስለዚህ የኢማሙ ስልክ ቁጥር በደብሩ አስተዳዳሪ ስልክ ውስጥ፣ የአስተዳዳሪውም በኢማሙ ስልክ ውስጥ መኖር አለበት። ይህን የምለው ለመቻቻል ጉባኤ ማሟያ አይደለም። ውኃው የሚወርደው በዚያ በኩል ስለሆነ ነው።

«መዘጋጀት እምነት ማጣት ነው፤ ምህላ ይበቃል» የሚሉ አሉ። ዮሴፍ በጥጋቡ ዘመን የግብፅን እህል አምስተኛ እጅ ሲያስከማች እምነት ጎድሎት አልነበረም።

ከአደጋው በኋላ ስለሚሆነው ግን ረዘም አድርጌ ልናገር። እርዳታ የጫነ መኪና በመጀመሪያው ሳምንት ይመጣል፤ ካሜራውም አብሮት ይመጣል፤ ከዚያ ሁለቱም ይሄዳሉ። ቤቱ የፈረሰበት ሰው ችግሩ የሚጠናው ዘመድ ተበትኖ የእድሩ ድንኳን ሲነቀል ነው። እኛ ግን ለዚህ የተሠራ ቀን መቁጠሪያ አለን፤ አርባው፣ ሰማንያው፣ መንፈቁ፣ ሙት ዓመቱ። በእነዚህ ቀኖች ለሟቹ ፍትሐት ስንደርስ በሕይወት የቀረውን «ቤትህ ተጠገነ? ዘር አገኘህ? ልጆቹ ትምህርት ቤት ተመለሱ?» ብለን እንጠይቅ። በአርባው የጎደለው በሰማንያው መሟላቱን የሚያይ ሰው ይመደብ፤ በመዝገብም ይያዝ። እናቷን በመሬት መንሸራተት ያጣች ሕፃን በመንፈቁ ብትጠየቅ የምትናገረው በሦስተኛው ቀን ከምትናገረው የተለየ ነው፤ አንዳንዷ እስከዚያ ድረስ ጭራሽ አትናገርም።

መዝገብ ካልኩ አይቀር፣ የንስሐ አባቶች በልባቸው የያዙትን እናውቃለን። ከአልጋ የማይነሱት እናት የት ቤት እንዳሉ፣ ዐይነ ስውሩን ማን እንደሚመራው፣ ማን ነፍሰ ጡር እንደሆነች ያውቃሉ። የኑዛዜው ምሥጢር እንደ ምሥጢርነቱ ይቆይ። ማን በራሱ እግር መውጣት እንደማይችል ግን ምሥጢር አይደለም፤ ለእያንዳንዳቸው ሁለት ወጣት ቢመደብ የሚያስወጣው ገንዘብ የለም።

ገንዘብ የሚያስወጣውን ጉዳይ ለከሰዓት በኋላው ውይይት አስቀምጠነዋል። እያንዳንዱ አጥቢያ ከምጽዋቱ ጥቂት እጅ ለአደጋ ጊዜ ሳይነካ ያስቀምጥ የሚል ነው። «ሕንጻችን ሳያልቅ?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሳ አውቃለሁ፤ ከአንዳንዶቻችሁ ዛሬ ጠዋት በር ላይ ሰምቼዋለሁ። ጉልላቱ አንድ ዓመት ቢዘገይ የሚጎዳው ሰው አይታየኝም፤ ተቃራኒ ሐሳብ ያለው ግን ሳይሸሽግ ይናገር። ድምፅ የሚሰጠው ጉባኤው ነው።

ክቡራን አባቶች በጸሎት እንዲከፍቱልን በትሕትና እየጠየቅሁ የዘንድሮው ዓመታዊ ጉባኤ መከፈቱን እገልጻለሁ። ወስብሐት ለእግዚአብሔር።