ሁለት ወንበር፣ 13 ደቂቃ፦ ስለ 1953ቱ የቀጥታ ኅብረ ትርዒት

ክቡራትና ክቡራን፣ የቀጥታ ስርጭት ባለሙያዎችና የሙያው ተማሪዎች፤

ዛሬ የምናነሳው ሰኔ 8 ቀን 1945 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ጁን 15 ቀን 1953፣ ከኒውዮርክ ስለተላለፈ የቴሌቪዥን ኅብረ ትርዒት ነው። ዝግጅቱ የፎርድ መኪና ኩባንያ የተመሠረተበት 50ኛ ዓመት ማክበሪያ ነበር። ተፎካካሪዎቹ የአሜሪካ የቴሌቪዥን ኩባንያዎች ኤንቢሲና ሲቢኤስ ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት በአንድ ጊዜ አስተላለፉት። ፕሮዲዩሰሩ ሊላንድ ሄይዋርድ ነው። ማሪያን አንደርሰን ዘምራለች፤ ጋዜጠኛው ኤድዋርድ ሙሮውና የዘፈን ግጥም ደራሲው ኦስካር ሐመርስታይን ንግግር አድርገዋል። 60 ሚሊዮን ያህል ሰው እንዳየው በጊዜው ተገምቷል።

እስከ ዛሬ የሚወሳው ግን የሁለት ሴቶች ዝማሬ ነው። የሙዚቃ ቲያትር ኮከቦቹ ሜሪ ማርቲንና ኤተል መርማን መደገፊያ በሌላቸው ሁለት ከፍ ያሉ ወንበሮች ላይ ተቀምጠው፣ ዘፈን ከዘፈን እያያያዙ 13 ደቂቃ ገደማ አዜሙ። ያቀናበረው ጄሮም ሮቢንስ ነበር። ያሸበረቀ መድረክ አልነበረም፤ ተወዛዋዥም አላጀባቸውም።

ብዙዎች ይህን ቅለት የጥበብ ምርጫ ብቻ አድርገው ያደንቁታል። እኛ ደግሞ በዘመኑ መሣሪያ ለሚሠራ ሰው ከዚህ የተሻለ አቀማመጥ ማሰብ ይከብዳል እንላለን።

ካሜራውን እንውሰድ። የዘመኑ የስቱዲዮ ካሜራ ፊቱ ላይ አራት ሌንስ የተሸከመ ተሽከርካሪ ሰሌዳ ነበረው። ባለሙያው ከኋላ ያለውን እጀታ ይዞ ሰሌዳውን ያዞራል፣ ከዚያም ምስሉን እንደገና ያጠራል። ይህን ማድረግ የሚችለው ምስሉ አየር ላይ በሌለበት ቅጽበት ብቻ ነው። ካሜራው አየር ላይ መሆኑን የሚያሳየው ቀይ መብራት ሳይጠፋ ካዞረ፣ አገር ሁሉ የሚሽከረከር ብዥታ ያያል። ስለዚህ አንዱ ካሜራ ሁለቱን ዘፋኞች በአንድነት ሲያሳይ፣ ሌላው የአንዷን ፊት አቅርቦ ይጠብቃል፤ ሦስተኛው ሌንስ ይቀይራል። ዳይሬክተሩም የሚቀጥለው ምስል በሞኒተሩ ላይ ጠርቶ ሳያይ ወደ እሱ አይሻገርም። ዘፋኝ የሚራመድ ከሆነ ርቀቱ በየሰከንዱ ይለዋወጣል። ከተቀመጠ ግን በልምምድ የተያዘው ልክ በስርጭቱም ይሠራል።

ድምፅም እንዲሁ ነው። ማይክሮፎኑ በረጅም ክንድ ላይ ተንጠልጥሎ ከራስ በላይ ይቆማል። ክንዱ ከዋናው መብራት ጋር በአንድ አቅጣጫ ከመጣ ጥላው ፊት ላይ ያርፋል፤ ጥላውን ለመሸሽ ከፍ ካደረጉት ድምፁ ይርቃል። መፍትሔው መብራቱን ከአንድ ጎን፣ ክንዱን ከሌላው ጎን ማምጣት ነው። ለሁለት የተቀመጡ ሰዎች ይህ አንዴ ተስተካክሎ ያልቃል። ለሚጨፍሩ አሥር ሰዎች ግን በየእርምጃው እንደ አዲስ ማሰብ ይጠይቃል።

የካሜራው የምስል ቱቦ፣ ኢሜጅ ኦርቲኮን፣ የራሱ ጠባይ ነበረው። በጣም ብሩህ ነገር ሲያይ ዙሪያውን ጥቁር ጥላ ይሠራል። በማይንቀሳቀስ ብሩህ ምስል ላይ ብዙ ከቆየ ደግሞ ቅሪቱ በሚቀጥለው ምስል ላይ ታትሞ ይታያል። ስለዚህ ነጭ ሸሚዝ በፈዛዛ ቀለም ይነከር ነበር፤ ሥራ የፈታ ካሜራም ብሩህ ነገር ላይ አፍጥጦ እንዲቆም አይፈቀድለትም።

ሰዓቱስ? እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ዛሬም ብዙ የቀጥታ ዝግጅት የሚበላሸው በዚህ ነውና። ስሌቱ የሚጀምረው ከመጨረሻው ነው። ለምሳሌ ስርጭቱ 5 ሰዓት ላይ የሚያልቅ ከሆነ፣ የስም ዝርዝሩ 1 ደቂቃ፣ የመጨረሻው ዘፈን 3 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ የሚወስድ ከሆነ፣ ዘፈኑ ከ4 ሰዓት ከ55 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ማለፍ የለበትም። ጭብጨባ ግን አይለካም። ቀልድ ከተሳካ ሳቁ ሰዓት ይበላል። የትኛው አንቀጽ እንደሚዘለል ከኦርኬስትራው መሪ ጋር አስቀድሞ መስማማት ያስፈልጋል። በስርጭት መሃል የሚወሰን ቅነሳ ዘፋኙን ከሙዚቀኞቹ ይነጥላል።

ያ ትርዒት ዛሬ የሚታየው በኪኔስኮፕ፣ ማለትም የሞኒተርን ምስል በፊልም በመቅረጽ ስለተያዘ ነው። ለስርጭት የሚሆን የቪዲዮ ቴፕ የመጣው በፈረንጆቹ 1956 ነውና። የዘመኑ የአሜሪካ ቴሌቪዥን በሰከንድ 60 ግማሽ ምስል፣ ማለትም የአንድን ሙሉ ምስል መስመሮች በየተራ እየዘለለ በሁለት ጊዜ፣ ያወጣ ነበር፤ ፊልም 24 ምስል ይወስዳል። ስለዚህ ለአንድ የፊልም ምስል ሁለት ተኩል ግማሽ ምስል ይደርሰዋል። ሁለቱ ይቀረጻሉ፤ በቀረው ግማሽ፣ በ1/120 ሰከንድ ውስጥ፣ ፊልሙ ወደ ቀጣዩ ቦታ መሳብ አለበት። የፊልም ካሜራው የብርሃን መዝጊያ በጥቂቱ እንኳ ከዘገየ ወይም ከቀደመ አግድም የሆነ ብሩህ ወይም ጥቁር መስመር ምስሉን ያቋርጠዋል።

በየተቋሙ የቆየ የ16 ሚሊሜትር ፊልም በእጃችሁ ላላችሁ አንድ አደራ አለን። ቆርቆሮውን ስትከፍቱ የኮምጣጤ ሽታ ከሸተታችሁ፣ አሴቴቱ፣ ማለትም ምስሉን የተሸከመው ፕላስቲክ፣ መበስበስ ጀምሯል። ያንን ጥቅል ከሌሎቹ ለዩት፤ ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ አስቀምጡት፤ የተሸበሸበ ከሆነ በፕሮጀክተር አታጫውቱት፣ የፕሮጀክተሩ ጥርስ በፊልሙ ጠርዝ ያሉትን ቀዳዳዎች ይቀድዳቸዋል። ወደ ዲጂታል ለመገልበጥም ተራ ከያዙት ሁሉ አስቀድሙት።