የእኛንም መጽሐፍ ገምግሙልን

ክቡራን ደራስያን፣ ሠዓልያን፣ የቴአትር ሰዎች፣ በተለይ ደግሞ ከፊት የተቀመጣችሁ ወጣት ሐያስያን፤ እንደምን አመሻችሁ?

ወደዚህ ስመጣ አራት ኪሎ መንገድ ዳር መጽሐፍ ሻጮቹ ጋ ቆም አልኩ። ሳላይ ማለፍ አይሆንልኝም። የአማርኛውና የአፋን ኦሮሞው መጽሐፍ ጎን ለጎን ተደርድሯል። ሁለቱንም አንብቦ ስለ ሁለቱም የሚጽፍ ሐያሲ ግን ስንት አለን?

ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚሁ መሀል ከተማ አንድ ቴአትር ለማየት ገባሁ። አንድ ዘበኛ ገጸ ባሕርይ አለ። አማርኛው የተሰባበረ ነው። አፉን በከፈተ ቁጥር አዳራሹ በሳቅ ይናጋል። እኔም ሳቅኩ። አጠገቤ የተቀመጠው ወጣት ወዳጄ ግን አልሳቀም። ስንወጣ እንዲህ አለኝ፦ «ይህ ሰው እኮ በራሱ ቋንቋ አንደበተ ርቱዕ ነው። አገሩ ላይ ሽማግሌ ሆኖ ሰው ያስታርቃል። ደራሲው ግን አንዴ እንኳ በቋንቋው አላናገረውም።»

ዝም አልኩ። ስለዚያ ቴአትር ልጽፍ ነበር የገባሁት። ሴራውን አይቻለሁ፤ መብራቱን አይቻለሁ። ዘበኛውን ግን እንደ በሩ አልፌው ነው የገባሁት።

ይህ ወጣት የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጅ ነው። ፊደል የቆጠረው በአፍ መፍቻ ቋንቋው ነው። አማርኛን ቀጥሎ ተማረ፤ እንግሊዝኛ ጨመረ። እሱ በሦስት ቋንቋ ያነባል፤ እኔ በሁለት።

እንደሱ ያሉ ልጆች ስናገኝ ምን እናደርጋለን? ለሲዳማዋ የሲዳምኛ መጽሐፍ፣ ለሶማሌው የሶማሊኛ ግጥም እንሰጥና «የራሳችሁን ገምግሙ» እንላለን። አክብሮት ይመስላል። እኔ ግን አጥር ነው እላለሁ። የአማርኛ ልብ ወለድ ከ1900 ዓ.ም. ወዲህ ሲጻፍ ኖሯል። ብዙ ጊዜ የምንገመግመው ግን እኔን የመሰልን፣ በአማርኛ አፍ የፈታን ሰዎች ነን። ስለዚህ ዘበኛው ሳይታይ ቀረ። የራሳችሁንም ጻፉ፤ የእኛንም ግን ገምግሙልን።

በቅርጻ ቅርጽም ያው ነው። የኮንሶን ዋካ አስቡት። ለጀግና መታሰቢያ ከእንጨት የሚቀረጽ የመቃብር ሐውልት ነው። ስለ ዋካ ሲጻፍ የማነበው ሁሌም ስለ ልማዱ ነው፤ ሟቹ ማን ነበር፣ ስንት ሚስት ነበረው፣ ስንት ጠላት ገደለ። ጠራቢውስ? ዐይኑን ለምን እንዲያ አወጣው? ትከሻውን ለምን አጠበበው? የዚህኛው ጠራቢ እጅ ከዚያኛው በምን ይለያል? አንድ ቀራጺ አዲስ አበባ ላይ ኤግዚቢሽን ሲከፍት የምንጠይቀውን ጥያቄ የኮንሶውን ጠራቢ ነፍገነዋል።

«ሂስ» የሚለው ቃል በደርግ ዘመን ቆስሏል። ሰው ጓዱንም ራሱንም በአደባባይ የሚተችበት «ሂስና ግለ ሂስ» ስብሰባ ላይ የተቀመጠ ዛሬም ቃሉን ሲሰማ ይሳቀቃል። ለዚህም ይመስለኛል የመጽሐፍ ምረቃ ላይ ምስጋና ብቻ የምናወርደው። መጽሐፉ ከአማርኛ ውጭ ከሆነማ ደራሲውን ላለማስቀየም የባሰ እናሞግሳለን። እንዲህ ያለ ሙገሳ ንቀት አለበት። ቅኔ ቤት ተማሪው ቅኔውን ቆጥሮ፣ ማለትም ደርሶ፣ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም የተጣመመውን ያቃናለታል። መታረም ውርደት አይደለም፤ መምህሩ ከልቡ ሰምቶታል ማለት ነው።

ገንዘቡንም ሳላነሳ አልወርድም። የጋዜጣና የመጽሔት አዘጋጆች እዚህ አላችሁ። መጽሐፍ ገዝቶ፣ ሁለቴ አንብቦ፣ የታክሲና የቴአትር መግቢያ ከኪሱ ከፍሎ የጻፈን ልጅ «ስምህ ይታወቅልሃል» ብላችሁ አትሸኙት። ክፈሉት።

አሁን መድረኩን ዛሬ ሂሷን ለምታነብልን ለመጀመሪያዋ ወጣት ሐያሲ እለቃለሁ። ጂንካ ያደገች፣ አፏን በአሪኛ የፈታች ልጅ ናት። የምትገመግመው የአማርኛ ልብ ወለድ ነው። ደራሲው ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ ስለመጡ አመሰግናለሁ። ጽሑፏን አስቀድሜ አይቼዋለሁ፤ ጠንከር ይላል። እባካችሁ እስክትጨርስ አታጨብጭቡ።